ሳይመረግ የሚታለፈው ግድግዳ

በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ጎረቤቶቼ ቤታቸውን ሲመርጉ፣ የእርጥብ ጭቃና የእበት ሽታ በመስኮቴ ሲገባ፣ እናቴ በየዓመቱ እየዘለለች የምታልፈው ያ የግድግዳ ወገን ድቅን ይልብኛል።

ታላቅ ወንድሜ ታፈረ ደብረ ማርቆስ ይማር ነበርና፣ ክረምት ክረምት ደብረ ወርቅ አጠገብ ወዳለው ቤታችን ሲመጣ ዓለም ሁሉ ያልፈታቸውን ሁለት የቁጥር ጥያቄዎች ይዞ እየመጣ፣ ዝናቡ ቤት ሲያስቀምጠን «የቱ ቀድሞ ይፈታል?» እያለ ያከራክረን ነበር። አንደኛው ዛሬም በደንብ አልገባኝም። ሁለተኛው ግን ለእኔም ይገባኝ ነበር፤ ቁጥሩ ተጋማሽ ከሆነ ታጋምሰዋለህ፣ ጎዶሎ ከሆነ በሦስት አብዝተህ አንድ ትጨምርበታለህ፤ እንዲህ እያልክ ስትሄድ ከየትም ብትነሳ መጨረሻህ ቁጥር አንድ ነው ወይ?

አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ባሕረ ሐሳብ ቆጥረው የጾሙን መግቢያ የሚናገሩ እሳቸው ስለነበሩ፣ የማይዘጋ ስሌት ያናድዳቸው ነበር። «ይቺ የምትወርደዋ ትቀድማለች፤ ቁልቁለት ለማን ከብዶ!» ይላሉ። «አባዬ፣ ዳገቷን መቼ አዩትና!» ይላቸዋል ታፈረ እየሳቀ።

ቁጥር የምንመርጠው በወር በዓል ነበር። የሚካኤል አሥራ ሁለት ቶሎ ወደ አንድ ወረደ፤ የማርያም ሃያ አንድም እንዲሁ። በመጨረሻው ክረምት አባቴ የመድኃኔ ዓለምን ሃያ ሰባት ሰጡት፤ ታፈረ በከሰል ግድግዳው ላይ እየጻፈ፣ ቁጥሩም ወጣ ወረድ እያለ ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ ሠላሳ ሁለት ላይ ሲደርስ፣ እናቴ ለበዓሉ ልትመርግ ጭቃዋን ይዛ መጣች።

«እማዬ፣ እሱን እንዳትነኪው፤ ለገና መጥቼ አወርደዋለሁ።»

«አንተ ልጅ፣ ዓመቱን በጥላሸት ልቀበለው?» ብላ ተቆጣችና ትታለት ዙሪያውን መረገች።

ገና መጣ፣ ታፈረ ግን አልመጣም። ክፉ ዘመን ነበር፤ ተከራይቶ ከሚያድርበት ቤት ሰዎች ወሰዱት ተባለ፣ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። እኔም ትምህርቴን ትቼ ሞፈር ጨበጥሁ። አባቴ ያንን ስሌት መጨረስ የማያቅታቸው ሰው ሲሆኑ፣ «ባለቤቱ ይምጣ» እያሉ አንድ ቀን እንኳ ከሰል ሳያነሱ፣ እናቴም በየእንቁጣጣሹ ያቺን ቦታ እየዘለለች፣ ሁለቱም ሞቱ፤ ቤቱም ፈረሰ።

ዘንድሮ ሒሳብ ለምታጠናው የልጅ ልጄ ሃያ ሰባትንና ታፈረ የቆመበትን ቁጥር ነገርኋት፤ ዓይኔን ከድኜ ሳልገልጥ በስልኳ አሰላችው። «አባባ፣ ወረደ እኮ! ያ ወንድምዎ የተወበት ጫፉ ነበር፤ ከዚያ በላይ አይወጣም።» ለሁሉም ቁጥር መውረዱን ግን ማንም እንዳላረጋገጠ፣ የዚያኛውም ጥያቄ እንዳልተፈታ ነግራኝ፣ «የቱ የሚቀድም ይመስልዎታል?» አለችኝ።

ያኔ ሃያ ሰባት የወረደ ዕለት ወንድሜ በበሩ የሚገባ ይመስለኝ ነበር። ይኸው ወረደ። የታፈረን መቃብር የሚያሳየኝ ሰው ግን ዛሬም የለም፤ ለእኔ ያልተፈታው ሦስተኛው ጥያቄ ይኸ ነው።

«ሁለቱም ይቀድማሉ» አልኋት። ምንን እንደሚቀድሙ አልጠየቀችኝም።