ከተሰቀሉት ልብሶች መሀል

ሰፈሩ ካውያ ይለዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ በታላቅ እህቱ ላውንደሪ ልብስ ሲተኩስ ኖሯል። ዝምተኛ ነው፤ ብቻውን ሲያስነጥስ እንኳ ይቅርታ ይጠይቃል እያሉ ያሙታል። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ክላርኔቱን ይዞ የተተኮሱት ልብሶች ወደሚሰቀሉበት ጓዳ ይገባል። ጓዳውን የመረጠው ጨርቅ ድምፅ ስለሚውጥለት ነው፤ የነፋው ሁሉ እዚያው ኮትና ሸሚዝ መሀል ሰምጦ ይቀራል።

ቅዳሜ የከተማው ባንድ ሊፈትነው ነበር። ባንዱ አርባ የሞላውን ሰው አይቀበልም፤ እሱ ደግሞ በሚቀጥለው ወር አርባ ይደፍናል። ከዚህ ወዲያ ሌላ ዕድል የለውም።

«ስማ አንተ፣» አለችው እህቱ ሰኞ ዕለት ልብስ ልትሰቅል ጓዳ ገብታ፣ «ያቺን የፈተና ዜማ ከላይ ትጀምራለህ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ትደናቀፋለህ፣ ደግሞ ከላይ። በቅሎ እንኳ አንዴ የጣላትን ጉድጓድ ሁለተኛ አትረግጥም።»

«እየተለማመድኩ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«እሱስ ልክ ነህ። መደናቀፉን አሳምረህ ለምደኸዋል።»

ነገሩ ከነከነው። ማክሰኞም ግን እንደ ልማዱ ከላይ ጀመረ፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ተደናቀፈ። ክላርኔቱን ከአፉ ሲያነሳ ከልብሶቹ መሀል ሌላ ክላርኔት ተሰማ። የተሳሳተባትን ቦታ ብቻ፣ አራት ድምፅ፣ እጅግ በዝግታ፣ ያለ አንዳች ስህተት።

ኮቶቹን ገለጠ፤ ግድግዳ ነው። እህቱን ተጣራ።

«ደንበኛ ይዣለሁ፣ ቆይ፣» አለች ከፊት ክፍል።

ድምፁ አራቱን ይደጋግማል። አንድም እጅጌ አይነቃነቅም። ሮጦ ሊወጣ አለና ቅዳሜ ትዝ አለው። ክላርኔቱን አፉ ላይ መልሶ አብሮ ነፋ።

እስከ ዓርብ እንዲሁ ሆነ። ያኛው ሲዘገይ ይዘገያል፤ ያኛው ጥቂት ሲፈጥን ይፈጥናል። ዓርብ ዕለት የራሱን ትንፋሽ ከሌላው መለየት አቃተው። ሁለቱም እኩል ነፍተው እኩል አቆሙ። ከዚያ ጓዳው ጭር አለ።

ቅዳሜ ሦስት ፈታኞች ፊት ቆመ። ሦስተኛው መስመር ሲደርስ ጣቶቹ እሱ ገና ሳያስብ አልፈውት ሄዱ። የቀረውን ዜማ እንደ አንድ አድማጭ ቆሞ ሰማው።

«አልፈሃል፣ ወንድሜ፣» አሉት ሽማግሌው ፈታኝ። «ማን ነው ያስተማረህ?»

ብቻዬን ነው የተለማመድኩት ሊል አስቦ፣ ክላርኔቱን ዝቅ አደረገ።

ሽማግሌው ሳቅ ብለው መዝገቡን ገለጡ። «በል ይሁን፣ ስምህን ንገረኝ።»

ካውያ ቁልቁል ጣቶቹን አያቸው። አራቱን ድምፅ መደጋገም ገና አላቆሙም ነበር።