እህቴ እግር ላይ የነሰነስኩት ዱቄት

ታናሽ እህቴ ከአንኮበር ደብረ ብርሃን እኔ ዘንድ መጥታ በነበረበት ሰሞን፣ አዲስ ጫማ ትንሿን የእግር ጣቷን ልጧት ነበር። የስኳር ሕመምተኛ ስለሆነች እግሯ ደንዝዟል፤ አልተሰማትም። ካልሲዋን ሳወልቅላት ነው ቁስሉን ያየሁት።

ያን ቀን ሐኪም ቤት መውሰድ ነበረብኝ። እኔ ግን ጉሮሮዬን ሲያመኝ ታዝዞልኝ ከነበረው አሞክሳሲሊን የተረፈውን ከመሳቢያ አወጣሁ። እኛ ሰፈር የተረፈ መድኃኒት አይጣልም። እንክብሉን ከፍቼ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነሰነስኩት። ያደርቀዋል ይባላል፤ ጎረቤቱ ሁሉ የሚያደርገው ነው። በማግስቱም ደገምኩት። ላዩ ደረቀ። በአራተኛው ቀን እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ መሽተት ጀመረ፤ ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

ሐኪሙ «ምን አደረጋችሁበት?» ሲል «በጨውና በውኃ አጠብነው» አልኩ። እህቴ ዞር ብላ አየችኝ። ሐኪሙም መግሉ እንዲመረመር አዘዘ። ትክክለኛው መድኃኒት ቶሎ ካልተገኘ እግሩ ሊቆረጥ እንደሚችል ሳይደብቅ ነገረን።

ከሰዓት በኋላ የላብራቶሪ ባለሙያዋ፣ ወጣት ሴት ናት፣ ወደ ተቀመጥንበት መጣች።

«እማማ፣ ቁስሉ ላይ መድኃኒት ተደርጎ ነበር እንዴ?»

«ለምን ጠየቅሽ?»

«ባክቴሪያዎቹ ቅርጻቸው ተበላሽቷል። ይምጡና ይዩ።»

እህቴን በሐኪም ቤቱ ተሽከርካሪ ወንበር እስከ ላብራቶሪው በር ድረስ ገፋኋትና ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበስኩ። ቀያይ ነገሮች ይታያሉ። አጫጭር ዘንግ መምሰል ሲገባቸው እንደ ክር ረዝመዋል አለችኝ፤ አንዳንዶቹ መሐላቸው አብጧል።

«ባክቴሪያ ዙሪያውን ግድግዳ አለው» አለች። «ከስኳር ሰንሰለት የተሠራ መረብ ነው፤ ሰንሰለቶቹን አጫጭር የፕሮቲን ቁራጮች ያስተሳስሯቸዋል። ግድግዳው ወፍራም የሆነው፣ ስንቀባው ወይን ጠጅ ቀለም ይይዛል። የእነዚህ ግን ስስ ነው፤ በላዩ ሌላ የቅባት ልባስ ደርበዋል። ወይን ጠጁ በአልኮል ይታጠብና ቀዩን ይይዛሉ።»

«ከስኳር?» አለች እህቴ ከበሩ። «ታዲያ ቤት የሠራሁላቸው እኔ ነኛ!»

ልጅቷ ሳቀች። «አይ እማማ፣ የራሳቸውን ስኳር ነው። እንደ አሞክሳሲሊን ያለ መድኃኒት ሰንሰለቶቹ እንዳይተሳሰሩ ያደርጋል። በቂ ከሆነ ግድግዳው ይፈርስና ይፈነዳሉ። ካነሰ ግን እንዲህ ተበላሽተው ይቆያሉ። መድኃኒት ነክቷቸው ከሆነ፣ ለምርመራ ስናበቅላቸው ላይበቅሉልን ይችላሉ። ሐኪሙም ይህን ካላወቀ ያንኑ መድኃኒት አዝዞ ቀን ያባክናል።»

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ባዮሎጂ ደብተሬ ላይ ባክቴሪያ ስዬ ግድግዳውን በቀስት አመልክቻለሁ፤ አሥር ከአሥር አግኝቼበታለሁ።

«እንክብል ከፍቼ ነስንሼበታለሁ» አልኩ። «የቆየ አሞክሳሲሊን። ሁለት ቀን።»

አልተቆጣችም። ጻፈችና ወደ ሐኪሙ ሄደች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እትዬ፣ ጠዋት እኮ ልናገር ነበር» አለች እህቴ። «ስታፍሪ አየሁና ተውኩት።»

«እግርሽ አይደለም እንዴ? የኔ እፍረት ምን ይረባሻል?»

«አንቺ ካኮረፍሽ ወር ነው። እግሬ ቢያብጥ ይሻለኛል።»

በዚያው ቀን መድኃኒቱ ተለውጦ በደም ሥሯ ተሰጣት። በሦስተኛው ቀን የቁርጭምጭሚቷ እብጠት ጎደለ። ሐኪሙ እግሩ ተርፏል አለ፤ ትንሿ ጣት ግን ጠቁራለች፣ መቆረጥ አለባት።

ባለሙያዋን ኮሪደር ላይ አግኝቼ፣ በመጀመሪያው ቀን አምጥቻት ቢሆን ጣቷ ትተርፍ እንደነበር ጠየቅኋት።

«አላውቅም፣ እማማ» አለችኝ።

ለቀዶ ጥገናው የስምምነት ወረቀት መጣ። የታማሚዋ ወይም የቤተሰብ ፊርማ ይላል። እህቴ እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋችው።

«አንቺ ፈርሚ፤ የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

በነገር እየወጋችኝ እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን አየሁት። አልነበረም። ፈረምኩ።