ሻሽቱ ለነርሷ ያልነገረቻት

ሻሽቱ ደበሳ መቱ ላይ ከባሏ ጋር ጠጅ ቤት ስትከፍት ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ማሩ ከአቅራቢያው ወረዳ ከሁሩሙ ይመጣል፤ ጠጁን የምትጥለው ራሷ ናት። መድረሱን ለማወቅ ከምላሷ በቀር የምታምነው አልነበራትም። ጠዋት ትቀምሳለች። ከሰዓት ለደንበኛ ስትቀዳም፣ ልማድ ነውና፣ መጀመሪያ እሷ ትጎነጫለች። ቀኑ ሲያልቅ ስንት ብርሌ እንደሆነ አታውቀውም። ሰክራ ያያት ስለሌለ ራሷን ከጠጪ ቆጥራ አታውቅም።

በ1999 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጇን አረገዘች። ጠዋት ጠዋት ሲያስመልሳት ጎረቤቷ እትዬ ተጂቱ በመለኪያ አረቄ ይዘውላት መጡ።

"ሆድ ያረጋጋል። እኔ ስድስቱንም እንዲህ ነው የወለድኩ" አሏት።

ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄድ ነርሷ ካርዷን እየሞላች ጠየቀቻት።

"መጠጥ ትጠጫለሽ?"

"ኧረ እኔ አልጠጣም።"

ስትናገረው ውሸት አልመሰላትም።

ኢሊሊ ስትወለድ በጣም ትንሽ ነበረች። አራስ ቤትም ወተት ይሞላል እየተባለ ጠላ ከሻሽቱ ራስጌ አልጠፋም። ልጅቷ በእግሯ የሄደችው ዘግይታ ነው፤ አፏን የፈታችውም ዘግይታ ነው። አንደኛ ክፍል ሦስት ዓመት ተቀመጠች። ዛሬ የለየችውን ፊደል ነገ አታውቀውም። ልጆች ሲስቁባት አብራ ትስቃለች። መምህሯ ሻሽቱን አስጠርቶ ይህን ነገራት። ቤት ስትገባ "ሰነፍ" ብላ ልጅቷን ገረፈቻት።

ኢሊሊ አሥር ዓመት ሊሞላት ሲል ሻሽቱ እንደገና አረገዘች። ጤና ጣቢያ ተራ ስትጠብቅ፣ ሲስተር ትንቢት የምትባል አዋላጅ ለነፍሰ ጡሮቹ ስለ መጠጥ በኦሮምኛም በአማርኛም ታስረዳ ነበር። እናት የጠጣችው ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ ትንሽ ነው የሚባል የለም፤ የልጁን አእምሮ ሊጎዳ ይችላል። ሻሽቱ ሴቶቹ ወጥተው እስኪያልቁ ጠበቀች።

"ሲስተር፣ መቅመስም ይቆጠራል?"

"በቀን ስንቴ ነው የሚቀምሱት?"

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገረቻት፤ የጠጁን፣ የአረቄውን፣ የኢሊሊን። ትንቢትም እንዲህ አለቻት።

"የልጅቷ ችግር ከዚህ የመጣ ነው ብዬ መማል አልችልም። ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ይችላል። ከዚህም ሊሆን ይችላል።"

"ያኔ ነርሷ ጠይቃኝ ነበር እኮ" አለች ሻሽቱ። "ጠይቃኝ ነበር።"

ማቆሙ እንዳሰበችው አልቀለላትም። እጇ ተንቀጠቀጠ፤ እንቅልፍም አጣች። ጠጪ እንደነበረች የገባት ያኔ ነው። ትንቢት በየሁለት ቀኑ እያስመጣቻት፣ እያየቻት ሻሽቱ አለፈችው። ጠጅ ቤቱም ተዘጋ።

ሁለተኛዋ ልጅ ገለኔ ዛሬ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ መጽሐፍ እየተንደረደረች ታነባለች። ሻሽቱ ስትሰማት ደስ ይላታል፤ ወዲያው ደግሞ ኢሊሊን ታይና ዓይኗን ትመልሳለች።

እትዬ ተጂቱ ነገሩን ሰምተው አንድ ቀን መጡና "ያጠፋሁት እኔ ነኝ" ቢሏት፣ "እርስዎ ያወቁትን ሰጡኝ። የዋሸሁት እኔ ነኝ" አለቻቸው።

አሁን ማር ትሸጣለች። አሥራ ስምንት ዓመት የሆናት ኢሊሊ ማሩን ከሰፈፉ ታጠራለች፤ በዚህ ሥራ የሚደርስባት የለም። ባለፈው ክረምት እያጠራች ሳለ ድንገት ጠየቀቻት።

"እማዬ፣ ያኔ በፊደሉ ለምን ገረፍሽኝ?"

"ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ያንቺ አልነበረም። ይቅር በዪኝ።"

ኢሊሊ "እሺ" አለችና ወደ ማሩ ተመለሰች።