ገላዬን ብርድ ሳስለምድ

ጉድ ያደረገኝ በስልኬ ያየሁት፣ ራቁቱን በረዶ ውስጥ የተዘፈዘፈ ፈረንጅ ነው። ገላ ብርድ ከለመደ ልብ ይጠነክራል፣ ጉንፋንም ዝር አይልም ይላል። የደብረ ታቦር ብርድ እያለልኝ ለምን ይቅርብኝ አልኩ። ችግሩ ውሃው ነበር። የቤቴ ቧንቧ በሳምንት አንዴ ብትንጠባጠብ ነው። ሳያቋርጥ የሚወርድ፣ አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ውሃ የማውቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ያለው ጠበል። ኃጢአቴን ይቅር ይበለኝና፣ ለስፖርት ሄድኩ።

ሁለት ቀን በሰላም አለፈ። በሦስተኛው ማለዳ ፈረንጁ እንዳስተማረኝ ውሃው ሥር ቆሜ «እፍ፣ እፍ፣ እፍ» እያልኩ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ጀመርኩ። አጥማቂው ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ከች አሉ።

«አንተ ማነህ?»

«የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ» አልኩ ጥርሴ እየተንገጫገጨ።

«መቼ ትለቃለህ?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ክፍል አለኝ፤ ከዚያ በፊት።»

ተራ የሚጠብቁት ሴቶች እልል አሉ። ጋኔኑ ሰዓት ቆርጦ ተናዘዘ ተባለ። እልል ካሉት መካከል የእጮኛዬ አክስት ነበሩበት።

ገላዬን አድርቄ ሳልጨርስ ወሬው ገሳይ ከተማ፣ እጮኛዬ ቤት ደረሰ። ሽማግሌ ልኬ፣ እሺ ተብዬ፣ ሠርጋችን ለዳግማ ትንሣኤ ተቆርጦ ነበር። ቀትር ላይ አባቷ ደውለው «ቀኑ ይቆየን» አሉ። ጎመን በጤና ማለት ይህን ጊዜ ነበር። እሷን ካጣሁ ልቤ ቢጠነክር ምን ይሠራልኛል?

ትምህርት እንዳለቀ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ።

«አባባ፣ ምንም አልያዘኝም። ገላዬን ብርድ ላስለምድ ብዬ ነው።»

«ጋኔንስ በጠበል ይወጣል» አሉ። «ብርድን ፈልጎ የሚሄድ ሰው ግን በምን ይድናል?»

እጮኛዬ ጓዳ ሆና ስትስቅ ሰማኋት። ሞኝ ከመባል ጋኔን ያዘው መባል እንደሚሻል ያኔ ገባኝ።

«እንግዲያው ትንሽ ሳያመኝ አልቀረም» አልኩ።

ፊታቸው ፈታ አለ። «እንዲያ በለኝ። ጠበል ተጀምሮ ሰባት ቀን ሳይሞላ አይቋረጥም፤ አብረን እንጨርሳለን። ሠርጉም በቀኑ ይሆናል።»

አብረን ያሉት የምራቸውን ነበር። ብርድ ሲነካቸው ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው፣ እህታቸው ቤት እያደሩ አራት ማለዳ ከእኔ ቀድመው ውሃው ሥር ቆሙ። እፍ እፍ የለ፣ ምን የለ። በክርስትና ስሜ እየጠሩ «ይህን ልጅ ማርልኝ» ይላሉ። ከሌለብኝ በሽታ። ፈረንጁ ለዚህ አላዘጋጀኝም፤ አፈርኩ።

በሰባተኛው ቀን ቄሱ «ለቀቅህ?» ብለው ጠየቁ። የእጮኛዬ አባት ከንፈራቸው ጠቁሮ ያዩኛል።

«ለቅቄያለሁ» አልኩ፣ በጋኔኑ ፈንታ።

እልልታው ቀለጠ። አባቷ ደረቅ ጋቢያቸውን አነሱ፤ ለራሳቸው መስሎኝ ነበር። እኔን ጠቀለሉበትና፣ እየተንቀጠቀጡ «ብርድ እንዳይመታህ፣ ልጄ» አሉኝ።