ከድር የቀደደው የ«ረን» ገጽ

ዛሬ አሰላ ሻይ ቤት ቁጭ እንዳልን የክፍል ጓደኛዬ ከድር ከኪሱ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣ። ከእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የተቀደደ ገጽ ነው።

«ያኔ የቀደድኩት እኔ ነኝ» አለኝ። ደሜ ፈላ!

በ1963 ዓ.ም. ስምንተኛ ክፍል ሳለን መምህራችን «ረን የሚለውን ቃል ትርጉሞች በሙሉ ጽፋችሁ አምጡ» አሉን። እኛ የምናውቀው «ሮጠ» የሚለውን ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ ያለው መዝገበ ቃላት ደግሞ አንድ ነው፤ በፊርማ ነበር የምናየው። ተራዬ ደርሶ ፈርሜ ብከፍተው ገጹ የለም።

የመጨረሻው ፊርማ የእኔ ነበርና ቀዳጁ እኔ ተባልኩ። ጠዋት ሰልፍ ፊት አንበረከኩኝ። ዓመቱን ሙሉ መጽሐፉን እንዳልነካም ተከለከልኩ።

ገጹን ዛሬ ማንበብ ጀመርኩ። ወንዝ ሲፈስም ረን ነው፤ ሞተር ሲሠራም፣ ሱቅ ሲያስተዳድሩም፣ ለምርጫ ሲወዳደሩም፣ የጨርቅ ቀለም ሲለቅም። ገና ግማሹ ላይ አልደረስኩም።

«አንተስ ስንቱን ጻፍክ?» አልኩት።

«አቦ፣ እንዳልያዝ ፈርቼ ገልጬም አላየሁት።»

ሰውዬ፣ ከሰረቅከው አይቀር ምናለ ብታነበው!

ባላጠፋችሁት የተንበረከካችሁ ካላችሁ እስቲ ጻፉልኝ። እኔን ጉልበቴን ዛሬም ያመኛል። ከድር «እርጅና ነው» ይለኛል።