ረቡዕ ብቻ የሚሠራው ኢንተርኔት

ኢንተርኔት የሚንቀራፈፈው ከላይ ነው ይባላል። ውሸት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚንቀራፈፈው ከደጃፍ ወዲህ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሳጉሬ አንድ ወዳጄ ቤት የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን፣ ሰውዬው ስልኩን ወደ ጣሪያው አንስቶ የኢንተርኔት ድርጅቱን ይረግማል። እኔ ራውተሩን ሳይ ኬብሉ ላይ የቁም ሳጥን እግር ቆሞበታል። ሳቄን ዋጥኩ፤ እኔም አንድ ክረምት ሙሉ እንዲሁ ስራገም ከርሜያለሁና።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ፣ ሥራ አጥቼ፣ አሰላ እናትና አባቴ ቤት ተቀምጫለሁ። ብቸኛው ክብሬ የጓዳውን ኮምፒውተር ከሳሎኑ ራውተር ጋር በኬብል ማገናኘቴ ነበር። እናቴ አዲስ የተቀባ ግድግዳዋ እንዳይበሳ ስለከለከለችኝ ኬብሉን በሳሎኑ በር ማጠፊያ በኩል አሳለፍኩት።

ኢንተርኔቱ ግን ይሞታል፤ ከረቡዕ በቀር። ረቡዕ የእናቴ የጸሎት ቡድን ሳሎን ይሰበሰባል፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ይቀርባል፣ ኢንተርኔቱም ይበርራል።

«ያው ጸሎቱ ነው» ትላለች እናቴ።

«ወይ ጭኮው ነው» ይላል አባቴ።

እኔ ተማርኩ ባዩ ደግሞ ረቡዕ መስመሩ አይጨናነቅም የሚል ማብራሪያ ነበረኝ። መጽሐፍ ያነበበ ሰው ማብራሪያ አያጣም።

ከዚያ እህቴ ሊድያ ለመምህርነት ሥራ በቪዲዮ እንድትፈተን ተጠራች፤ ለዓርብ ጠዋት። ሁለት ዓመት ሥራ ስትፈልግ ጫማ የጨረሰች ልጅ ናት። ሐሙስ ስንሞክረው ፊቷ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ።

«አቦ፣ ድርጅቱን መሳደቡን ተውና የራስህን ሥራ እየው» አለችኝ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ሳሎን ገባሁና ከራውተሩ ጋር በመጣው አጭር ኬብል አገናኘሁት። በረረ። መስመሩ ደህና ነው፤ የታመመው የእኔ ኬብል ነው። ኮምፒውተሩን ወደ ጓዳ መልሼ ኬብሉን በእጄ እየዳበስኩ ተከተልኩት። በሩ ጋ ጠፍጣፋ ሆኗል፤ በሩ በተዘጋ ቁጥር ውስጡ ያሉትን ቀጫጭን ሽቦዎች ሲጨፈልቃቸው ኖሯል። በሩን ከፈትኩት።

«መጣ!» አለች ሊድያ ከጓዳ። ዘጋሁት። «ሄደ!»

ሳሎናችን የሚከፈተው ደግሞ ለእንግዳ ብቻ ነው። ማለትም ረቡዕ።

«እማዬ፣ ነገ ሊድያ ሳሎን ቁጭ ብላ ትፈተን» አልኳት።

«በዚህ ጭቃ? ሳሎኑ ለሰው ነው!»

«እኛስ ምንድን ነን?» አለች ሊድያ።

ዓርብ ጠዋት ግን እናቴ የሶፋውን ልብስ ራሷ ገፍፋ ሊድያን አስቀመጠቻት፤ ከዚያ ደጅ ወጥታ ዶሮ ስታባርር ቆየች። ምስሉ አንዴም አልተቆራረጠም። ሲያልቅ በእንግዳ ሳህን ጭኮ አቀረበችላት።

«ታዲያ ጸሎቱ አልነበረም» አልኩ፤ አፌ አያርፍም።

«ረቡዕ ረቡዕ በሩን ያስከፈተው ምን ሆነና?» አለችኝ።

ሊድያ ሥራውን አገኘች፤ አሁንም ታስተምራለች። እኔም ግድግዳውን እንድበሳ ተፈቀደልኝ፤ ሳሎኑ ግን ከዚያ ወዲህ ተዘግቶ አያውቅም፣ አባቴ ምሳውን የሚበላው እዚያ ነው። ጥፋትን ሩቅ መፈለግ ደስ ይላል፤ ሩቅ ያለ ጥፋት ጠግነኝ አይልም። የቅርቡ ያሳፍራል፣ ግን በአንድ ጠዋት ይቃናል። የሳጉሬውን ቁም ሳጥን ከወዳጄ ጋር ለሁለት ገፋነው፤ ስልኩ ከጣሪያው ወረደ።

እናንተም ይህን ማንበብ አቁሙና ተነሱ። ኬብላችሁን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳብሱት። እግረ መንገዳችሁንም ሳሎናችሁን ክፈቱና ተቀመጡበት።