ሁለት ፊደል

የነገረ መለኮት ዲግሪዬን የያዝኩት በማታ ትምህርት ነው። ቀን ኮልፌ አንድ ትምህርት ቤት አማርኛ ሳስተምር ውዬ፣ ማታ አየር ጤና ተምሬ ታክሲ ተጋፍቼ እመለስ ነበር። "ተማሪ፣ ተማሪ" እያለች የገፋፋችኝ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ነበረች፤ ምኞቷም አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ቆሜ ሳስተምር ማየት ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ፣ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ የተከራየነው አዳራሽ ነው። እንደተመረቅሁ መጋቢያችንን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናቱን ላስተምር ብዬ ጠየቅሁት። መልሱን የሰጠኝ እሑድ፣ ጉባኤው ፊት ነው። "አንዳንድ ሰው ዲግሪ ይዞ ይመጣብናል። ፊደል ግን ይገድላል!" አለ። ሕዝቡ "አሜን!" ብሎ አጨበጨበ።

ንዴቱ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ይገድላል የተባለው ፊደል በድንጋይ የተቀረጸው ሕግ እንጂ ሀ ሁ አይደለም። አማርኛችን ለሁለቱም አንድ ቃል ስላለው፣ ትምህርት የሚፈራ ሰባኪ ሁሉ እዚያች ላይ ይንጠለጠላል። ይህንኑ ቢሮው ገብቼ ባስረዳው ሳቀብኝ። "አየሽ፣ ፊደል ማለት ይሄ ነው" አለኝ። ከዚያ ሳያዝንልኝ አልቀረም፣ የመዝሙር ግጥም እየጻፍኩ በፕሮጀክተር እንዳሳይ መደበኝ። ይገድላል የተባለውን ፊደል በየሳምንቱ ግድግዳ ላይ የምዘረጋው እኔ ሆንኩ።

እውነቱን ለመናገር ዲግሪው ቅዱስ አላደረገኝም። ጸሎቴም ቁጣዬም እንደ ድሮው ነው። ያተረፍኩት ነገር ቢኖር፣ ይህ ቃል ለማን ተጻፈ፣ ስለ ምን ተጻፈ ብሎ መጠየቅን ነው። ያልገባኝን አላውቅም ማለትንም ተምሬበታለሁ። መጋቢያችን ግን አንድም ቀን "አላውቅም" ሲል አልሰማሁትም።

ዓመት ሳይሞላ እሱ ራሱ ውጭ አገር ጥቂት ሰንብቶ የክብር ዶክትሬት ይዞ መጣ። ምን አንብቦ፣ ምን ጽፎ እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ማዞሪያው ላይ ጋውን ለብሶ የሚስቅበት ባነር ተሰቀለ፣ ከስሙ በፊት "ዶ/ር" ተብሎ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊደል መግደሉን ተወ። እስከ ትናንት "እሱ" ትለው የነበረችው እህቴም "እሳቸው" ማለት ጀመረች። እኔ የዕለቱን ሰባኪ ብዬ ስሙን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ሳወጣ ማዕረጉን እዘለው ነበር። ትንሽ ተንኮል ናት፣ ግን ደስ ትለኝ ነበር።

እህቴ ስኳር አለባት፤ ያለ መርፌ አትውልም ነበር። በአንድ የፈውስ ጉባኤ ቀን መጋቢው እጁን ጫነባትና "ተፈውሰሻል፤ ከእንግዲህ መርፌ መወጋት አለማመን ነው" አላት። መርፌውን ወስዳ ጣለችው። ብዙም ሳይቆይ ከንፈሯ ደረቀ፣ ውሃ አልጠግብ አለች፣ ከአልጋ መነሳት አቃታት።

"እትዬ፣ በሞቴ መርፌሽን ተወጊ" ብዬ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። "መድኃኒት ጣሉ የሚል ቃል የለም። ተምሬዋለሁ እኮ!"

እሷ ግን እንደ ልጅነቴ ፀጉሬን ዳበሰችው። "አንቺ ያለሽ ዲግሪ ነው" አለችኝ። "እሳቸው ዶክተር ናቸው።"

እንድማር የለፋችልኝ እህቴ ትምህርቴን በዚያ ሚዛን መዝና አስቀመጠችው። በማግስቱ ራሷን ስታ ሐኪም ቤት አደረስናት፤ ከዚያ ወዲያ አልነቃችም።

የስንብቱ ጸሎት በአዳራሻችን እንዲሆን ተወሰነ። ሐዘን ቤት ተቀምጬ ሳለሁ የመጋቢው ጸሐፊ ደወለችልኝ። "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አለችኝ። "ኮምፒውተሩን ከአንቺ በቀር የሚያውቀው የለም፣ የእህትሽንና የሰባኪውን ስም ብቻ አስገቢልን። የሚሰብኩት እሳቸው ናቸው። ዶ/ር የምትለዋን እንዳትዘያት፣ ቅር ብሏቸዋል።"

"ማዕረጉን አልጽፍም" አልኳት።

"ሁለት ፊደል ናት እኮ፣ ምን አስቸገረሽ?" አለችኝ።

"እህቴን የገደሏት እነዚያ ሁለት ፊደሎች ናቸው" አልኳት።